የኮልፌዋ ሞርሊ

«እስከ ነገ ንጋት ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» የሚለው የአባቷ ድምፅ በሳሎኑ መስኮት ሾልኮ ሲወጣ አልፊያ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ለተቀመጠች የሃያ ዓመት ልጅ፣ አባት በጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት ቀርቶ ከእንግዳ ጋር የሚንሾካሾከው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ባል መጣብኝ አለች በልቧ። እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘች ወደ መስኮቱ ተጠጋች። የመጣው ባለ ወርቅ ጥርሱ የቆርቆሮ ነጋዴ ከሆነ ምን ብላ እንቢ እንደምትል ማውጠንጠን ስትጀምር፣ የእንግዳው ድምፅ «ምስኪን፤ አባት የለው፣ ያለችው አንዲት እናት ነበረች» ሲል ሰማች። ነገሩ ስለ እሷ እንዳልሆነ ገባት። ደስ ሊላት ከጀለና በራሷ አፈረች። በእጇ የያዘችው ሸሚዝ የማን እንደሆነ ያስተዋለችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተከራያቸው የሚስተር ዶናል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ ሐጂ ከሊፋ ጠሯት። ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፉ ላይ መከዳ ተደግፈው የተቀመጡት ሚስተር ዶናል የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ አቶ ኃይለመስቀል ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀዋል፣ የተቀደደች ካልሲያቸውን በሌላው እግራቸው ለመሸፈን ይታገላሉ። እናቷ ወይዘሮ ዙቤዳ ጥግ ላይ ቆመው የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። አባቷ አንዲት ወረቀት ሰጧትና «እሳቸው ነግረውኛል፣ ግን ካንቺም ልስማው» አሉ። ቴሌግራም ነው። አልፊያ እንግሊዝኛውን በልቧ አንብባ ስታበቃ በአማርኛ አለችው፦ «እናታችን ማክሰኞ ዐረፈች። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። እንጠብቅሃለን። ኖራ።» ኖራ እህቱ ናት። አቶ ኃይለመስቀል አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ትርጉማቸው ልክ ሆኖ በመገኘቱ ሐዘናቸው ላይ ትንሽ ኩራት ታየባቸው። ቴሌግራሙን የከፈቱት በክፋት አልነበረም። ቴሌግራም ደህና ወሬ ይዞ እንደማይመጣ ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት አንድ የበሰለ ሰው ሊያየው ይገባል። የበሰለው ሰው አይተው ሲያበቁ ደግሞ መርዶ በቢሮ እንደማይነገር ስለሚያውቁ ዘመዶቹን ፍለጋ መጡ። ሚስተር ዶናል በዚህ አገር ያሉት ዘመዶች ሐጂ ከሊፋና ቤተሰባቸው ናቸው።

ዶናል ከበሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከተከራየ ሦስት ዓመቱ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ እንግሊዝ ነህ ሲሉት ግን ይቆጣል፣ አገሬ አየርላንድ ነው ይላል፤ ልዩነቱን አልፊያ ብቻ ናት በቅጡ የያዘችው። አማርኛውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከታክሲ ነጂዎችና ከሸክም ሠራተኞች ስለለቀመው አንቱታ የሚባል ነገር የለውም። አንድ ቀን በሙሉ ሰው ፊት ሐጂን «ሼባው፣ እንዴት ነህ?» ብሏቸው፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ቀድመው የሳቁት ራሳቸው ሐጂ ናቸው። የኮልፌን የመንገድ ቃል በአንዲት ደብተር ይጽፋል፤ ፋራ ማን እንደሆነ፣ አራዳ ማን እንደሆነ፣ በዝርዝር። ለምን እንደሚጽፍ ሲጠየቅ የእናቱን ሰፈር ያነሳል። ባሕር ዳር ባለች ከተማ፣ ከጨው መጋዘን ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ መንገድ ነበረች፤ የእሷ ሰዎች ማንም የማያውቀው የራሳቸው ቃል ነበራቸው። መንገዷ ፈርሳ መጋዘን ተሠራባት፣ ሰዎቹም ተበተኑ። ቃላቱ የቀሩት በአንድ አሮጌ ዘፈን ውስጥ ብቻ ነው። ዶናል ይህን ዘፈን ሲላጭ ይዘፍነዋል፣ ፈተና ሲያርም ይዘፍነዋል፣ ክፍል ውስጥም አስተምሮታል። ከመንገዷ የወጣው በስድስት ዓመቱ ስለሆነ ግን ግማሹን ቃል ራሱም አያውቀውም። አልፊያ ተማሪው ሳለች እጇን አውጥታ ሞርሊ ማለት ምን ማለት ነው ብላው ነበር። «ወፍ ነው መሰለኝ» አላት። ኋላ ሲያስበው አላስቻለውምና በክረምቱ ለእናቱ ጻፈላት።

አሁን ሳሎኑ ውስጥ የሚመከረው መርዶው በወጉ እንዲነገር ነው። ሐጂ ሁሉን አሰናድተውታል። ዛሬ አስተምሮ ይግባ፣ ደህና አድርጎ ይብላ፣ ጠግቦ ይተኛ። ነገ ጎህ ሲቀድ አሥር አሥራ አምስት ሰው ይሰበሰባል፤ አቶ ኃይለመስቀል ከትምህርት ቤት ሰዎች ያመጣሉ፣ ሐጂ ከሰፈሩ። በሩ ይንኳኳል፣ ሁለት ጠንካራ ሰው ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል፣ ከዚያ ይነገረዋል። አልፊያ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነበር። የአውሮፓው አውሮፕላን በሳምንት ሁለቴ፣ ሐሙስና እሑድ ማታ ብቻ ነው የሚነሳው። ይህን የምታውቀው ካቻምና ክረምት ለዕረፍት ሲሄድ ቤተሰቡ በሙሉ ቦሌ ድረስ ስለሸኘው ነው፤ ሐጂ አውሮፕላኑ ከዓይን እስኪጠፋ ዱዓ ሲያደርጉ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። የቲኬት ቢሮው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«አባባ፣ ነገ ከተነገራቸውኮ ለቀብሩ አይደርሱም» አለች።

ሐጂ በርኅራኄ አዩዋት። ቀብር የሚባል ነገር እንደሌለ አስረዷት። ማክሰኞ የሞተ ሰው ማክሰኞ ይቀበራል፤ ቢዘገይ ረቡዕ ጠዋት። ሬሳ አምስት ቀን ከመሬት በላይ አያድርም፤ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ይህን የሚያደርግ የአደም ልጅ የለም። ቴሌግራፈኛው ቀኑን ተሳስቶ ነው። አቶ ኃይለመስቀል ደግሞ ስህተት እንኳ ላይሆን ይችላል አሉ፤ ቅዳሜ ያሉት እንደ እኛ ሰልስት ያለ ነገር ይሆናል፣ ሰልስት ደግሞ በሌለበትም ይታለፋል። አልፊያ ዶናል የነገራትን አነሳች፤ አባቱ የሞተ ጊዜ ሬሳው ሦስት ሌሊት ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ ጎረቤት ዙሪያውን ተቀምጦ ይዘፍን እንደነበር። እናቷ «አዑዙ ቢላህ» አሉ። አቶ ኃይለመስቀል ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑትና ፈረንጅ ቀልድ እንደሚወድ ተናገሩ። «ደግሞስ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ እዚህ እስካለ ድረስ በእኛ ወግ ይረዳል» አሉ። አልፊያ አባቷን አየች። ሐጂ ከመከዳው ቀና ብለው ለእሷ ብቻ የሚናገሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእናቴን ሞት የነገሩኝ በአርባ ቀኗ ነው፤ መንገዱን ክረምት ዘግቶት። ግን ሲነግሩኝ በወጉ ነገሩኝ። ያን ጠዋት ትከሻዬን የያዙኝ እጆች ዛሬም ይሰሙኛል። ሰው መርዶን ብቻውን ከሰማ ይሰበራል፣ ልጄ። ይህን ልጅ ብቻውን አላሰብረውም።»

ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር። ወረቀቱን መለሰችና ቆመች፤ አባቷ ልክ ናቸው፣ ወረቀቱም ልክ ነው፣ ሁለቱ ልክ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ሊገቡ አልቻሉም። አቶ ኃይለመስቀል ጫማቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ከኪሳቸው ፖስታ አወጡ። ከቴሌግራሙ ጋር በአንድ ጠዋት የመጣ ደብዳቤ ነው፤ የእናትየው እጅ ጽሑፍ፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሦስት ሳምንት። ይሰጠው ወይስ አብሮ ይደበቅ? ወንዶቹ ተያዩ። ወይዘሮ ዙቤዳ ከማንም ቀድመው ተናገሩ፤ የእናት ደብዳቤ መደበቅ ወንጀል ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ባለ እናት ሆኖ ያንብበው አሉ። ከዚያ በኋላ አላስቻላቸውም፣ ወደ ኩሽና ሄደው አለቀሱ።

ምሳ ላይ የሆነውን አልፊያ እስከ ዛሬ ስታስበው መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባት አታውቅም። እናቷ ነገ እህል አይወርድለትም ብለው ከሥጋ ቤት ሁለት ኪሎ የሚሆን ቀይ ሥጋ አስመጥተው ክትፎ ከትፈዋል፤ ቆጮው በቀጭኑ ተቆርጧል፣ ዓይቡ ለብቻው፣ ጎመኑ ለብቻው። አቶ ኃይለመስቀል እንግዳ መስለው ተመልሰው መጥተዋል፤ የእስላም ሥጋ ስለማይበሉ ለእሳቸው ጎመኑና ዓይቡ ነው። ዶናል ደብዳቤውን ትምህርት ቤት ተቀብሎ በመንገድ ላይ እያነበበ ስለመጣ ፊቱ ከደስታ የተነሳ ቀልቷል። ትሪውን ሲያይ ደነገጠ። «ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለ። ወይዘሮ ዙቤዳ በዓል ካልሆነ አይበላም ወይ አሉና አጎረሱት። ሐጂ አጎረሱት። አቶ ኃይለመስቀል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከሰላምታ ያላለፉት ሰው፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ምንም እንዳልሆነ ያላምጣል። ዶናል አፉ ሙሉ ሆኖ አንዱን ከሌላው ያያል። መጨረሻ ላይ ጉርሻውን በእጁ መልሶ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ አለና ደብዳቤውን ዘረጋ።

እናቱ የዘፈኑን ቃላት በሙሉ ተርጉማ ልካለታለች። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ተራራ የሚወጣ ይመስላል። ዶናል እየዘፈነ፣ እየቆመ፣ ቃሉን እያስረዳ ሄደ። ዘፈኑ ከዚያች ጠባብ መንገድ ወጥቶ በመርከብ ሩቅ አገር የገባ ሰው ዘፈን ነው። ሰውየው በትልቅ ከተማ ተቀምጦ የሰፈሩን ዕቃ ይጠራል፤ ባለ ሦስት ደረጃዋን በር፣ ገመዷ የተቋጠረውን የጉድጓድ ውኃ፣ በጋሪ ዓሣ የምትሸጠውን መበለት። እያንዳንዱን በሰፈሩ ስም ነው የሚጠራው፤ ሌላ ሰው እንዳይገባው ያህል። በየስንኙ መጨረሻ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

በዚህ በሰው አገር ደጄንስ ማን ያውቃል፣
ሞርሊ በየት በኩል መጥታ ታገኘኛለች።

«ሞርሊ ወፍ አይደለችም» አለ ዶናል፤ ይህን ሲል አልፊያን አየና ሳቀ። ሞርሊ ሴት ናት። በመንገዷ ላይ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ማንም አይናገርም፤ አንዲት ጎረቤት አለች፣ ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ምንም ሳትል ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሰዓቱን ታቆማለች። ያኔ ሁሉም ያውቃል። ቃል አያስፈልግም። ቀብሩ እስኪፈጸም ድረስ ሰዓቱ እንደቆመ ይቆያል። የሰውየው ሐዘን እንግዲህ ይህ ነው፤ አገሬ ላይ ክፉ ነገር ቢመጣ እዚህ ማን ሰዓቴን ያቆምልኛል ነው የሚለው። ዶናል ይህን ብሎ ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ። ድምፁ ያምራል። ሐጂ ከሊፋ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ዙቤዳ እንባቸው በግልጽ ወረደ፣ አቶ ኃይለመስቀል መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ዶናል ሲጨርስ እንባቸውን አየ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ለእናቴ እጽፍላታለሁ፤ ኮልፌ በዘፈንሽ አለቀሰ እላታለሁ» አለ። ማንም ቀና ብሎ ያየው የለም።

ከምሳ በኋላ ዶናል ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ፣ ሐጂ ሰው ለመጥራት በዚያው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። አልፊያ ከእናቷ ጋር ዕቃ እያጠበች አወጣች አወረደች። ቢነግሩት ምን ይሆናል? አባቷ ለሰፈሩ ሰው ተናግረዋል፤ የመርዶ ቀጠሮ ማፍረስ ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ነው። ባይነግሩትስ? ቅዳሜ እህቱ በር በሩን እያየች ትቆማለች። ወይስ አባባ እውነታቸውን ነው፣ ሴትየዋ ተቀብራለች፣ እሱም ብቻውን አውሮፕላን ውስጥ ከባዕድ ጋር ተቀምጦ ያለቅሳል? ይህ ሁሉ ተደበላለቀባት። በመጨረሻ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚስ?» አለች። ወይዘሮ ዙቤዳ ሳህኑን ማጠባቸውን አላቆሙም። እኔ እናቴ ስትሞት ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ እጄ ላይ ነው የሞተችው አሉ። ትንሽ ቆይተው አንድ ነገር ጨመሩ፤ የሚስተር ዶናል ክፍል አልተጠረገም፣ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው አሉ። ቀና ብለው ግን አላዩአትም። አልፊያ ይህ ፈቃድ ይሁን የወትሮ የቤት ሥራ እስከ ዛሬ አልለየላትም፤ ጠይቃቸውም አታውቅም።

ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት የሐጂ ከሊፋ ነው። ጣልያን ሲወጣ ከአንድ ነጋዴ ዕቃ ላይ የገዙት፣ ከታች ክብ ነሐሱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ትልቅ ሰዓት። ዶናል በመጣበት ሳምንት ሳሎን ውስጥ አይቶት እናቴ ኩሽና ውስጥ ያለውን ይመስላል ብሎ ፊቱ ቆሞ ስለቀረ፣ ሐጂ በማግስቱ አስነቅለው ክፍሉ ውስጥ አሰቀሉለት። ዶናል በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሞላው ሐጂ ሰዓቴ ካደብኝ እያሉ ይቀልዳሉ። አልፊያ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ከፊቱ ቆመች። መስታወቱን ከፈተች፣ ነሐሱን በሁለት ጣቷ ያዘችው፣ ለቀቀችው። ዝም አለ። ክፍሉ በድንገት ሰፋ። ወጥታ ልብሱ በደረቀበት ገመድ ሥር ተቀመጠች፤ ያደረገችው ነገር ትክክል ይሁን ስድብ አልገባትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዶናል እያፏጨ ገባ። ሲገባ፣ ወንበሩን ሲጎትት፣ ከዚያ ቆም ሲል ሰማችው። አሁን ገባው አለች። ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ የሰማችው ግን የመሙያው ቁልፍ ሲንቋቋ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ዶናል ሰዓቱ ሙላቱ አልቆ የቆመ መስሎት እየሞላው ነበር፤ ለነገሩ ማን ሌላ ነገር ያስባል? ሰዓቱ እንደገና መሄድ ጀመረ። አልፊያ ሳቅ መጣባት፣ ከዚያ እንባ መጣባት። ሞርሊ ለመሆን መጥረጊያ ይዞ መግባት አይበቃም ማለት ነው፤ መታየት ያስፈልጋል። ተነስታ እስከ በሩ ድረስ ሄደች።

ዶናል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይጽፍ ነበር። ሲያያት ግቢ አላት፣ ለእናቴ መልስ እየጻፍኩ ነው፣ እርዳታሽን እፈልጋለሁ አላት። ደብተሩን ከፍቶ የኮልፌ ቃላት ሊልክላት አስቧል፤ ቃል የሰጠ ሰው ቃል ይላክለታል። ሃያ የሚሆኑ መርጧል። ነገር ግን እናቱ በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠይቃዋለች፣ እሱም መልሱን አያውቅም።

«እናቴ እዚያ ሰፈር ሞርሊ ማን ናት ትላለች» አለ፤ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ። «ኮልፌ ውስጥ ሞርሊ አላችሁ?»

አልፊያ መለሰችለት ማለት አይቻልም። በጠረጴዛው ጎን አልፋ፣ እሱን ሳታይ ወደ ግድግዳው ሄደች። መስታወቱን ከፈተች። ነሐሱን ይዛ አቆመችው፣ መስታወቱን መልሳ ዘጋችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። በሰዓቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ዶናል መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ የምታሳየው መስሎት ነበር፣ ቃሉን መረዳቷን። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኗን አየ። ከዚያ ብዕሩን፣ ከዚያ እንደገና ዓይኗን። ከግቢው ውጭ ሱሙኒ ለሸክም ብሎ የሚጮኽ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«እናቴ?» አለ።

ሞርሊ አትናገርም። ቴሌግራሙን ጠዋት ሳሎን ከጠረጴዛ ጨርቁ ሥር ካስቀመጡበት አውጥታ በቀሚሷ ኪስ ይዛው ነበር፤ እሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዶናል አነበበው። አልጮኸም፣ አልወደቀም፤ ይይዙታል የተባሉት ሁለት ጠንካራ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ባልነበራቸው። ትከሻው ብቻ ዝቅ አለ። «መቼ መጣ?» አላት። ጠዋት አለችው። «ምሳ ላይ ታውቁ ነበር? ሁላችሁም?» አዎ አለችው። «ለዚህ ነው ክትፎው» አለ። ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ቁጣ ይሁን ሳቅ ይሁን ምስጋና ልትለየው አልቻለችም፤ ሦስቱም በተራ የመጡና አንዳቸውም ሳይቀመጡ ያለፉ መሰላት። «ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለችው። ያኔ ተነሳ። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ያዘ። ከፌርማታው አጠገብ ሰማያዊ ሰይቼንቶ ታክሲ አስቆመችለት፤ ሊገባ ሲል ቆም አለና ትከሻዋን በእጁ ነካ አድርጎ ገባ። የጀመረው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ወይዘሮ ዙቤዳ ታክሲው ሲሄድ በር ላይ ቆመው አይተዋል። ሐጂ ማታ ሲገቡ የተከራያቸው መብራት መጥፋቱን አይተው ተኝቷል፣ ተዉት ይረፍ፣ ነገ ብዙ ይጠብቀዋል አሉ። እናትና ልጅ ተያዩ። አሁን መርዶ የሚደበቀው ከሐጂ ሆነ፤ እነሱም እንደ ወጉ እራታቸውን በልተው እስኪጨርሱ፣ ሰግደው እስኪተኙ፣ እስኪነጋ ድረስ ዝም አሏቸው።

ጎህ ሲቀድ ጥቅምቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ከላይ ከባሕር ዛፉ ጫካ ጉም ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ጋቢ የለበሱ አሥራ አራት ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ገቡ። አቶ ኃይለመስቀል ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ የሚናገሩትን በትንሽ ወረቀት ጽፈውታል። ሐጂ በሩን አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ። ሦስተኛ ሲያንኳኩ በሩ በራሱ ተከፈተ፣ አልተቆለፈም ነበር። ውስጡ ባዶ ነው፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ጠረጴዛው ላይ ያልተጨረሰ ደብዳቤና ያቺ ቴሌግራም ጎን ለጎን። ሐጂ ግድግዳውን አዩ። ሰዓታቸው ቆሟል። አሥራ አራት ሰው ትንፋሹን ይዞ አንዱ የሌላውን ፊት ሲያይ፣ ሐጂ ዞር ብለው ልጃቸውን በበሩ ጥግ አገኟት።

«ማን ነገረው?»

«ማንም አንድ ቃል አልነገራቸውም፣ አባባ» አለች። እውነቷን ነበር።

ሐጂ ምሳ ላይ የሰሙትን አልረሱትም። ሰዓቱን ቆመው አዩት፣ እጃቸው በልማድ ወደ መሙያው ቁልፍ ሄደ፣ እዚያ ላይ ቆመ። ቁልፉን አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለመርዶ የመጣ ሰው በባዶ ቤት አይመለስምና ምንጣፍ ይነጠፍ አሉ፤ ሰዎቹ ተቀመጡ፣ አይተዋት ለማያውቋት ሴት ሐዘን ተቀምጠው ረፋድ ላይ ተበተኑ። ሐጂ ዓርብን ሙሉ ልጃቸውን አላናገሯትም። ሻይ ስታቀርብ ይቀበላሉ፣ ዓይናቸው ግን ስኒው ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮኑ ብቻ ነበር። አልፊያ አባቷን አዋርዳ እንደሆነ፣ ወይስ አስተማሪዋን ለተዘጋ መቃብር ሰድዳው እንደሆነ እያሰበች አንዱንም ሳትጨብጥ ነጋ።

ቅዳሜ፣ የመርካቶ ገበያ በሚደራበት ቀን፣ ሐጂ ከሊፋ ሱቃቸውን በሰባት ሰዓት ዘግተው መጡ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። ምሳ ሲቀርብላቸው አልፈለጉም። ወደ ተከራያቸው ክፍል ገብተው ከቆመው ሰዓት ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልፊያ ከበሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ መልሰው አጠለቁ።

«እኔ በአርባ ቀኗ ነው የሰማሁት» አሉ ሳያዩአት። «መቃብሯን ሲያሳዩኝ ሣር በቅሎበት ነበር።»

አልፊያ ገብታ አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ውጭ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሄደ። ሐጂ ከሊፋ ከእጅ ሰዓታቸው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ ልጃቸው ሁሉን እንደምታውቅ ዓይነት ጠየቋት።

«አሁን ይሆን የሚቀብሯት?»